የሥራ ልብስን መሣል ድህነትን ማስጌጥ ነውን? በስፋት ለተሰራጨ አንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ጉዳዩ የገበሬን፣ የተሸካሚን፣ የግንበኛንና የሌላውንም ጉልበት አዳሪ የሥራ ልብስ የሚያሳዩ ሥዕሎች ናቸው፤ መደምደሚያው ደግሞ እነዚህ ሥዕሎች ስለ ሠራተኛው ሕይወት አንዳች እውነት አይነግሩንም የሚል ነው። ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው፤ የጸሐፊው ቁጣም ከቅን ልቡና የመነጨ ለመሆኑ አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሥዕል የማስተምር ሰው ነኝ። ከማስተምራቸው ወጣቶች የሚበዙት የገበሬ ልጆች ናቸው። ጽሑፉን ያነበቡት ተማሪዎቼ የአባቶቻቸውን ጃኬትና ቁምጣ መሣላቸው ነውር መስሏቸው ሲሸማቀቁ ስላየሁ ነገሩን በዝምታ ማለፍ አልቻልሁም።

በመጀመሪያ የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላዛባ ላስቀምጥ። የተጣፈ ጃኬት የለበሰ ገበሬ ወይም የማዳበሪያ ከረጢት የደረበ ተሸካሚ የሚታይበት ሥዕል፣ ይላሉ ጸሐፊው፣ ለሆቴልና ለባለጸጋ ሳሎን የሚሰቀል ጌጥ ስለሆነ ድህነትን ያስውባል እንጂ አይገልጥም። ቀጥለውም ልብስ ስለ ለባሹ ሥራ የሚናገረው ነገር እንደሌለ ይከራከራሉ፤ ዛሬ ገበሬውም ተሸካሚውም ተማሪውም የሚለብሰው ከአንድ የልባሽ ጨርቅ ክምር የወጣ በመሆኑ ሥዕሉ የሚያሳየን ገበያውን ብቻ ነው ማለታቸው ነው። ሦስተኛው ነጥባቸው ስልክ ሁሉ ካሜራ በሆነበት ዘመን በእጅ መሣል ከንቱ ድካም ነው የሚል ሲሆን፣ አራተኛው ይህ ዓይነቱ ሥዕል ከአውሮፓ የተቀዳ እንጂ በአገራችን የሥዕል ታሪክ ውስጥ ሥር የሌለው መሆኑን ይገልጻል። በመጨረሻም ሠራተኞቹ ራሳቸው በሥራ ልብሳቸው መሣል እንደማይወዱ፣ ስለዚህም እነርሱን እንዲያ መሣል ክብራቸውን መንካት እንደሆነ ይናገራሉ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉም የሚከብድ ስለሆነ ወደ ኋላ አቆየዋለሁ።

ስለ ጌጥነቱ ጸሐፊው ትክክል የሆኑበትን አስቀድሜ ልቀበል። በባሕር ዳር የስጦታ ዕቃ መሸጫዎችና በየሆቴሉ ግድግዳ ላይ የምናየው ገበሬ ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው ማለት ይቻላል፦ ጋቢው የነጣ፣ በሬዎቹ የሰቡ፣ ከኋላው ጣና፣ ከጣና በላይ የምትጠልቅ ፀሐይ። በደርግ ዘመን በየአደባባዩ ይለጠፉ የነበሩት ፖስተሮችም ከዚህ ብዙ አይሻሉም። ወዛደሩ አሁን ከመጋዘን የወጣ የሚመስል ቱታ ለብሶ፣ ገበሬው መሣሪያውን ጨብጦ፣ ሁለቱም ደረታቸውን ነፍተው ወደ አንድ አቅጣጫ ይመለከታሉ፤ ቱታውን ዘይት አልነካውም፣ የገበሬውም ጉልበት ላይ ጭቃ የለም።

ነገር ግን እነዚህኑ ሥዕሎች ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው ከጸሐፊው መደምደሚያ ጋር የማይሄድ አንድ ነገር ያገኛል። ሥዕሎቹ ጌጥ የሆኑት የሥራ ልብስን ስለሣሉ ሳይሆን ስላልሣሉት ነው። ጭቃውን ጠርገዋል፣ መጣፊያውን አንሥተዋል፣ ያጠረውን እጅጌ አስረዝመዋል፣ የሳሳውን ትከሻ ሞልተዋል። ድህነት የሚዋበው ልብሱን ባለማየት ከሆነ፣ ልብሱን አተኩሮ መሣል የዚህ ጥፋት ማረሚያ ነው እንጂ ጥፋቱ ራሱ ሊሆን አይችልም። ጸሐፊው የተጠቀሙባቸው ምሳሌዎች ለእርሳቸው ሳይሆን ለእኔ ይመሰክራሉ የምለውም ለዚህ ነው።

አውሮፓን እርሳቸው ስላነሡ ከዚያው አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ጉስታቭ ኩርቤ የተባለው ፈረንሳዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1849 መንገድ ዳር ድንጋይ የሚፈልጡ ሁለት ሰዎችን ሣለ። አንዱ ሽማግሌ፣ ሌላው ልጅ እግር ነው። የሽማግሌው ካልሲ ተረከዙ ላይ ተቦትርፎ ገላው ይታያል፤ ጫማው ከእንጨት የተጠረበ ነው፤ ሰደርያውም አርጅቷል። የልጁ ሸሚዝ ተተልትሏል፤ ሱሪው እንዳይወርድ የያዘለት ትከሻው ላይ የተሻገረ አንድ ማንገቻ ነው። የሽማግሌው ፊት በባርኔጣው ጥላ ተሸፍኗል፤ ልጁም ፊቱን አዙሯል። ፊት ሳይታይ፣ ስም ሳይጻፍ፣ የአንዱ ያለፈ ዕድሜና የሌላው መጪ ዕጣ በልብሳቸው ይነበባል። ይህን ያየ ማንም ሰው ድህነት ያምራል ብሎ ወደ ቤቱ የሚሄድ አይመስለኝም። ሥዕሉ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1945፣ ድሬስደን በተባለችው የጀርመን ከተማ አካባቢ በቦምብ ጠፍቷል፤ ዛሬ የምናውቀው አስቀድሞ በተነሣው ፎቶግራፍ ነው። ይህን ማለቴ ለጸሐፊው ሦስተኛ ነጥብ አንድ ድጋፍ መስጠት መሆኑን አውቃለሁ፤ እውነት ስለሆነ ግን አልደብቀውም።

ሁለተኛው ነጥብ የጽሑፉ አንኳር ነው፤ ብዙ አንባቢንም ያሳመነው እርሱ ይመስለኛል። ልባሽ ጨርቅ ገበያችንን ያጥለቀለቀው መሆኑን የሚክድ የለም። ከሞጣም ከቡሬም ከፍኖተ ሰላምም ገበያ የሚገዛው ጃኬት አንድ ዓይነት ነው። ጸሐፊው የዘነጉት ግን ልብሱ ከክምሩ ከወጣ በኋላ የሚሆነውን ነው። አንድ ዓይነት ጃኬት ገዝተው ሁለት ክረምት የሠሩበት ሰዎች የሚለብሱት ከእንግዲህ አንድ ልብስ አይደለም፤ ሥራው እያንዳንዱን በሚነካው ቦታ ነክቶታል።

መናኸሪያ ውስጥ ጆንያ የሚሸከም ሰው ጃኬት ከቀኝ ትከሻው ላይ ሳስቶ ገበሩ ይታያል፤ በሳሳው ላይ ከማዳበሪያ ከረጢት የተቀደደ ቁራጭ በጥቁር ክር፣ ረጃጅም በሆነ ስፌት ተጥፎበታል፤ ግራ ትከሻው ግን ያልተነካ ነው። የአንገትጌው ጀርባ ላቡ ደርቆ ነጭ ጨው ሠርቷል። ቀኝ እጅጌው ጆንያውን ወደ ላይ ሲይዝ ስለሚሳብ ብብቱ ሥር ተተርትሯል። ተማሪዬ ይህን ጃኬት ሲሥል ሁለቱን ትከሻዎች እኩል አድርጎ ቢያመጣልኝ ኖሮ ሥዕሉ ስለ ማንም ሰው ሊሆን ይችል ነበር፤ ቀኙን ከግራው ለይቶ ስለሣለ ግን ከፊቴ ያለው ለዓመታት በአንድ ትከሻ የተሸከመ ሰው መሆኑን ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁ። ያው ጃኬት ጋራዥ ቢገባ የሚጠቁረው ሠራተኛው እጁን የሚጠርግበት ጎን ነው። ግንበኛ ቢለብሰው ሲሚንቶው ክርኑ ላይና ጫፉ ላይ ይጋገራል። እንጀራ በመጋገር የምትተዳደር ሴት ብትለብሰው እጅጌው ጫፍ ላይ ፍም የበሳው ቀዳዳ ይኖረዋል። ገበያው አንድ ያደረገውን ሥራው መልሶ ይለያየዋል፤ ሠዓሊ የሚሥለውም ይህን ልዩነት ነው።

ወደ ገበሬው ስንመጣ ነገሩ የበለጠ ይሰፋል። የጎጃም ገበሬ ቁምጣ በከተማ ሰው ዘንድ ወይ መሳቂያ ወይ መለያ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ቁምጣውን ከነጭቃው የሚሥል ሰው ግን ለምን አጠረ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጤፍ የሚዘራው በሐምሌ፣ መሬቱ ውሃ ጠግቦ እግር በሚውጥበት ወቅት ነው። በዚያ ጭቃ ውስጥ በአንድ እጁ እርፍ፣ በሌላው ጅራፍ ይዞ ከበሬ ኋላ የሚውል ሰው ረጅም ሱሪ ቢለብስ ሱሪው ውሃ ጠጥቶ ይከብደዋል፣ ባቱ ላይ ይጣበቃል፣ ሌሊቱን ሙሉ ደጅ ቢሰጣ እንኳ በክረምት አይደርቅም። ባዶ ባት ግን ታጥቦ ወዲያው ይደርቃል። ስለዚህ ቁምጣው በሥዕል ላይ ሲታይ የሚናገረው ስለ ሐምሌ፣ ስለ መሬቱና ስለ ሰዓቱ ርዝመት ነው። ከላይ የተደረበው ጃኬት ወይም ጋቢ ደግሞ የጮቄን ተራራ ብርድ ይናገራል። ከወገብ በላይ ለብርድ፣ ከወገብ በታች ለጭቃ የለበሰ ሰው ነው።

ከቁምጣው በታች ያለው እግር ደግሞ ራሱን የቻለ ምስክር ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ አንባቢ ይፍቀድልኝ። በአገራችን ደጋማ አካባቢዎች፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለዓመታት የሚሠራ ሰው እግሩ እያበጠ የሚሄድበት ሕመም አለ፤ ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል፣ ሐኪሞቹ ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። በትንኝ ከሚተላለፈው ዝሆኔ የተለየ ነው፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም፤ መንሥኤው የአፈሩ ረቂቅ ብናኝ በእግር ቆዳ በኩል መግባቱ ነው። በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ነዋሪዎች 3.3 በመቶው በዚህ ሕመም እንደተያዙ አሳይቷል። መከላከያው ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ነው። እንግዲህ የገበሬን ጫማ ወይም ጫማ አልባነት መሣል የሰውን ሕይወት አይነካም የሚለውን ክርክር ከዚህ ጎን አስቀምጡት።

በዚህም አያበቃም። ገበሬው ጫማ አለው ወይስ የለውም ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቤት ለቤት ቢዞር «አለኝ» የሚል መልስ ያገኛል፤ እውነትም አለው። በረባሶውን ወይም ኮንጎውን ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን ያደርገዋል። ለእርሻ ግን ያወልቀዋል፤ ጭቃው ጫማውን ከእግሩ ላይ ይነጥቀዋል፣ ጫማውም ገንዘብ የወጣበት ነውና እንዲበላሽ አይፈልግም። በእርሻ ሰዓት የተሣለ ሥዕል ላይ ገበሬው በባዶ እግሩ ሲያርስ፣ ጫማው ደግሞ ድንበሩ ላይ ድንጋይ ሥር ተቀምጦ ይታያል። ጫማ መኖርና ጫማ አድርጎ መዋል ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እንዲህ ባለ አጭር መንገድ የሚያስረዳ ሌላ ነገር አላውቅም።

የሥራ ልብስ ሥዕል ስለ ሥራ አይናገርም ለሚለው ከሩቅ አገርም መልስ አለ። እ.ኤ.አ. በ1873 አሜሪካ ውስጥ ጄኮብ ዴቪስ የተባለ ልብስ ሰፊና ሌቪ ስትራውስ የተባለ የጨርቅ ነጋዴ ለአንድ ሱሪ የፈጠራ መብት ተሰጣቸው። ከማመልከቻቸው ጋር የተያያዘ ሥዕል ነበር፤ ሥዕሉም ሱሪውን ከኪሶቹ ማዕዘን ላይ ከተመቱት የብረት ሪቬቶች፣ ማለትም ጨርቁን አጣብቀው ከሚይዙት ትንንሽ ምስማሮች ጋር ያሳያል። ሪቬቱ ለምን እዚያ ሆነ? ሠራተኛው ኪሱ ውስጥ ከባድ ነገር እየከተተ፣ እጁንም ሲያስገባና ሲያወጣ እየዋለ፣ ስፌቱ የሚተረተረው እዚያው ማዕዘኑ ላይ ስለነበረ ነው። ዛሬ ጂንስ እያልን የምንለብሰው ሱሪ መነሻው ይህ ነው። ያንን ሥዕል ያዘጋጀው ሰው ስለ ሠራተኛ ኑሮ ለማስተማር ያሰበ አይመስለኝም፤ ሆኖም የጉልበት ሥራ ልብስን የት ላይ እንደሚበላው በትክክል መዝግቦ አስቀርቶልናል።

ሥዕሉ ገበያውንም ያሳያል መባሉን ግን ሳልሸራርፍ እቀበላለሁ፤ እንዲያውም እሰየው እላለሁ። ገበያ የሠራተኛው ሕይወት አካል ነውና። አያቶቻችን አቡጀዲ የለበሱበት፣ ከዚያ ካኪ የመጣበት፣ በ1950ዎቹ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ የጀመረበት፣ ቀጥሎ ቴትሮን የተስፋፋበት፣ አሁን ደግሞ ልባሽ ጨርቅ ሁሉን የወረሰበት ጊዜ በየዘመኑ በተሣሉ ልብሶች ላይ ቢነበብ ይህ ትርፍ እንጂ ጉድለት አይደለም።

በዚህ ክፍል ጸሐፊውን አንድ ነገር ልወቅሳቸው፤ ወቀሳው እኛን ሠዓሊዎችንም ይጨምራል። ያነሷቸው ሠራተኞች ሁሉ ወንዶች ናቸው። የሴት መቀነት የሥራ ልብስ አይደለምን? መቀነት ወገብ ላይ ተደራርቦ የሚጠመጠመው ለማማር ብቻ አይደለም፤ እንስራ ወይም እንጨት ለምትሸከም ሴት ወገቧን ደግፎ የሚይዝላት እርሱ ነው። ጫፉ ላይ የተቋጠረው የዕለቱ ገንዘቧ ነው። አረም ላይ ጎንበስ ብላ የምትውል እናት በአንቀልባ ያዘለችው ልጅ ደግሞ ክብደቱን በትከሻዋና በደረቷ ላይ ያሳርፋል፤ የቀሚሷ ጨርቅ የአንቀልባው ጠፍር በሚያልፍበት መሥመር ይሳሳል። ይህን የሣለ ሰው ስለ ድርብ ሥራ ሌላ ማብራሪያ መጻፍ አያስፈልገውም። በሆቴሎቹ ሥዕል ላይ ያለችው ሴት ግን ሁልጊዜ እንስራ ይዛ ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ ወገቧም አይታመም።

ስለ ካሜራው አጠር ላድርግ። ፎቶግራፍ ፈጣን ነው፣ ቀለሙ የታመነ ነው፣ ያልነበረ መጣፊያም አይጨምርም፤ በዚህ ሁሉ ከሥዕል ይበልጣል። ነገር ግን የፎቶግራፍ ታሪካችን ራሱ የሠራተኛን ልብስ ሲሸሽግ የኖረ መሆኑን ጸሐፊው አላሰቡም። በየከተማው የነበሩት ፎቶ ቤቶች ለደንበኛ የሚያውሱት ኮትና ከረባት ግድግዳ ላይ ይሰቅሉ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ብዙ ነው። ከገጠር የመጣው ሰው የራሱን ጃኬት አውልቆ የሌላ ሰው ኮት ለብሶ ይነሣል፤ ቤተሰቡ ያስቀመጠው ብቸኛ ምስልም ያ ይሆናል። ሰዎቹ እንዲያ መታየት መፈለጋቸው መብታቸው ነው። ውጤቱ ግን በአልበሞቻችን ውስጥ የሥራ ልብስ እምብዛም የማይገኝ መሆኑ ነው።

ከዚህ ሌላ ካሜራ ባለበትም ሥዕል ከሥራ ያልወጣባቸው ሙያዎች አሉ። የቅርስ ተመራማሪዎች የተገኘውን የሸክላ ስባሪ ፎቶ ካነሡት በኋላ ተቀምጠው በእጃቸው ይሥሉታል፤ የዕፅዋት ተመራማሪዎችም እንዲሁ። ፎቶው ያለውን ሁሉ በእኩልነት ይሰጣል፤ ሥዕሉ ግን ዋናውን ከጥላው፣ ስፌቱን ከእጥፋቱ ለይቶ ያወጣል። በሥራ ልብስም ላይ የሚያስፈልገው ይኸው ነው፦ ይህ መሥመር ቀዳዳ ነው ወይስ እጥፋት? ይህ መጣፊያ ከውስጥ የገባ ነው ወይስ ከላይ የተለጠፈ? እጅ ሳይወስን መሣል አይችልም፤ ለመወሰን ደግሞ መጠየቅ አለበት። ሥዕሉ በሚፈጀው ጊዜ ተሸካሚው መጣፊያውን ማን እንደሰፋለት፣ ከረጢቱን ከየት እንዳገኘ፣ ስንት ኩንታል እንደሚያነሣ ይነግርሃል። በስልክ ያነሣው ሰው በዚያን ጊዜ ሄዷል።

ሥሩ ከአውሮፓ ነው ስለሚለው፣ እውነት ያለበትን ክፍል ለይቶ ማስቀመጥ ይገባል። የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ዓላማቸው የጉልበት ሠራተኛን ማሳየት አልነበረም፤ የቅዱሳኑ አልባሳትም በብዙው የተወረሰ ሥርዓት ያለው ነው፣ ከውጭ የመጡ ሥዕሎችም ተጽዕኖ አድርገውበታል። ይሁን እንጂ ሠዓሊዎቹ ዓይናቸውን ጨፍነው አልሣሉም። በደቅ ደሴት በምትገኘው ናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል፤ እቴጌይቱ እቴጌ መሆናቸው የሚታወቀው በለበሱት ነው። በበላዔ ሰብእ ታሪክ ሥዕል ላይም ጥርኝ ውሃ የሚለምነው ሕመምተኛ በአኳኋኑና በአለባበሱ ከሌላው ይለያል። ሹሙንና አገልጋዩን ለመለየትም የሸማ አለባበስ በቂ ነበር፤ በጌታው ፊት የቆመ ሰው ሸማውን ወገቡ ላይ አሸርጦ ያደገድጋል፣ ጌታው ግን ትከሻው ላይ ጥሎት ይቀመጣል። ይህ የሥራ ግንኙነት በጨርቅ አያያዝ ብቻ የሚነበብበት ቋንቋ ነው፤ ሠዓሊዎቻችንም ጠንቅቀው ያውቁት ነበር።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን የወጡ ሠዓሊዎች ማረሱን፣ መዝራቱን፣ አጨዳውንና ውቂያውን በተከታታይ ሥዕል አድርገው መሸጥ ጀምረው ነበር። ከእነዚህም የሚበዙት ለውጭ እንግዳ የተሠሩ መሆናቸውን ጸሐፊው ቢያነሡብኝ አልቃወምም። ለጎጃም ሰው ግን ከዚህ የቀረበ አርአያ አለ። በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት ያደጉት አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ሠዓሊም ታሪክ ጸሐፊም ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን የሣለ እጅ የአገሩን ታሪክም ጽፏል። ሥዕል ጌጥ፣ ምስክርነት ደግሞ የጽሑፍ ብቻ ነው የሚለው መለያየት በዚህ አገር የነበረ አይደለም። ደግሞስ አንድ የአሠራር መንገድ ከውጭ መጣ ማለት የሚያሳየው ነገር ሐሰት ነው ማለት ነውን? ካሜራውም እኮ ከውጭ የመጣ ነው።

አሁን ወደ ከበደው ነጥብ ልምጣ። ብዙ ሠራተኞች ሊሣሉ ሲሉ «ቆይ ልብሴን ልቀይር» ማለታቸው እውነት ነው። በዚህ ላይ ጸሐፊው የጻፉት አንቀጽ ከጽሑፉ ሁሉ የላቀ ነው፤ ሳይጠየቅ የተሣለ ሰው የሚሰማውን ሐፍረት በደንብ ገልጸውታል። ፈቃድ ሳይጠይቁ ከመንገድ ዳር ሠራተኛ እየሣሉ ለዓውደ ርእይ የሚያቀርቡ ባልደረቦቼን በተመለከተ እኔና እርሳቸው አንድ ቃል ነን።

ከዚህ ሐፍረት ተነሥተው የደረሱበት መደምደሚያ ላይ ግን አልተባበራቸውም። ሐፍረቱ ከጨርቁ የመጣ አይደለም። በዚህ አገር ሰው በሥራው ሲሰደብ ኖሯል፤ ብረት የሚሠራው ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራው ቁጢት በጣሽ፣ የሚያርሰው አፈር ገፊ ተብሏል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ስድቡ ሥር የሰደደ ስለነበረ ነው። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ በአፍ ቢቀንስም በዓይን ቀርቷል፤ ጭቃ የነካው ቁምጣ ለብሶ ባንክ የገባ ገበሬ ይህን ያውቀዋል። እንግዲህ ልብሱን ከሥዕል ብናወጣው የተጠቀመው ማን ነው? ልብሱ ያሳፍራል ብሎ የወሰነው ተሳዳቢው ነበር፤ እኛም በደግነት ስም ፍርዱን እናጸናለታለን።

በሌላው ጫፍ ያለውን ስሕተትም አልደግፍም። ሆላንዳዊው ሠዓሊ ቪንሰንት ቫን ጎግ እ.ኤ.አ. በ1885 ለወንድሙ በጻፈው ደብዳቤ ገበሬ በማሳው ላይ በሥራ ልብሱ ሲታይ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ የጨዋ ኮት ከሚለብስበት ጊዜ ይልቅ ያምራል የሚል ሐሳብ አስፍሯል። የቫን ጎግን ሥዕሎች እወዳቸዋለሁ፤ ኑነን በተባለችው የሆላንድ መንደር የሣላቸው ገበሬዎች ያለ እርሱ ተረስተው ይቀሩ ነበር። ይህን ሐሳቡን ግን አልቀበለውም። ገበሬው በእሑድ ልብሱ ማማር የሚፈልግ ከሆነ ያምራል፤ የትኛው ልብስ ይበልጥ እርሱ እንደሆነ መወሰን የሠዓሊው ሥልጣን አይደለም። ለፋሲካ የተለበሰው አዲስ ጋቢም ስለ ሥራ ይናገራል፤ ከስንት እህል ሽያጭ እንደተገዛ የሚያውቀው የለበሰው ነውና።

ተማሪዎቼን የማስተምረው አሠራር ከዚህ የመጣ ነው። መጀመሪያ ፈቃድ ይጠየቃል። ልብሴን ቀይሬ ሣሉኝ ያለ ሰው ቀይሮ እስኪመጣ ይጠበቃል፤ ሥዕሉም በመረጠው ልብስ ይሠራል። በሥራ ልብሱ የፈቀደ ሰው ሥዕሉ ሲያልቅ እንዲያየው ይደረጋል፤ ያልወደደው ሥዕል ለሌላ ሰው አይታይም። የመናኸሪያው ተሸካሚ ጃኬቱን የሚያሳየውን ሥዕል ባየ ጊዜ የተናገረው ስለ ውበቱ አልነበረም፤ «ትከሻው ላይ ሁለት መጣፊያ ነው ያለው፣ አንዱን ረስተኸዋል» ነበር ያለው። ተማሪው ሁለተኛውን ጨመረ። ሰውየው ሥዕሉን የሚያነበው እንደ ሥራው መዝገብ ነበር፤ መዝገቡ እንዲጎድል አልፈለገም። እንዲህ ያለ ሰው በአደባባይ እንዳይታይ፣ ተነክቷል በተባለው ክብሩ ስም፣ እርሱ ሳይጠየቅ ጸሐፊው እምቢ ሊሉለት የሚገባ አይመስለኝም።